የመደርደሪያው ገጽና ጀርባው

በአሜሪካ ከተሞች ካሉት ታላላቅ የምግብ መደብሮች ወደ አንዱ በማለዳ፣ በሩ እንደ ተከፈተ የገባ ሰው፣ የሾርባው ቆርቆሮ፣ የማሩ ብልቃጥ፣ የፓስታው ካርቶን፣ የዘይቱ ጠርሙስ ሁሉ ስሙ የተጻፈበትን ገጽ ወደ መተላለፊያው አዙሮ፣ ከመደርደሪያው ጠርዝ ሳያልፍና ሳያፈገፍግ በአንድ ሰልፍ ቆሞ ሲያገኘው፣ ሥርዓቱ ከፋብሪካው ጀምሮ ከዕቃው ጋራ አብሮ የመጣ ይመስለዋል እንጂ፣ ትናንት ማታ በገዢዎች እጅ ተገላብጦ፣ ግማሹ ተወስዶ ግማሹ ወደ ውስጥ ተገፍቶ የነበረውን፣ አንድ ሠራተኛ እየተንበረከከና እየተንጠራራ አንድ በአንድ እንዳስተካከለው ወደ ሐሳቡ አይመጣም። ሥራው ግን ስም አለው፤ ሕግ አለው፤ የሠራተኞቹ የሆነ የራሱ አነጋገርም አለው። ከዚህም ጋራ አንዱ በገሃድ የሚታይ፣ ሌላው በኅቡእ የሚፈጸም ሁለት ወገን አለው፤ የገዢውን ዐይን የሚያስደስተው የመጀመሪያው ሲሆን፣ ጤናውንና ገንዘቡን የሚጠብቅለት ሁለተኛው ነው።

ይህ ሙያ ከንግድ ጋራ አብሮ የተወለደ አይደለም። ቀድሞ በአሜሪካም ቢሆን፣ ዛሬ በእኛ ሰፈር ሱቅ እንደሚደረገው፣ ገዢው ከባንኮኒው ወዲህ ቆሞ የሚፈልገውን ይናገር፣ ባለሱቁ ወይም ረዳቱ ደግሞ ከባንኮኒው ወዲያ ካለው መደርደሪያ አውርዶ፣ መዝኖና ጠቅልሎ ይሰጠው ነበር፤ ዕቃውን የሚነካው የሻጩ እጅ ብቻ ስለ ነበረ፣ የመደርደሪያው ሥርዓት ቢጓደል እንኳ ጉድለቱን ሻጩ በአንደበቱ ያሟላው ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1916 ዓ.ም. ክላረንስ ሳውንደርስ የተባለ ነጋዴ፣ በቴነሲ ክፍለ ግዛት በሜምፊስ ከተማ ፒግሊ ዊግሊ የሚባለውን መደብር ከፍቶ፣ ገዢው ራሱ በመደርደሪያዎቹ መካከል እየዞረ የሚሻውን በቅርጫት እንዲለቅምና በመውጫው ላይ እንዲከፍል ባደረገ ጊዜ፣ በሚቀጥለውም ዓመት ለዚህ አሠራሩ የፈጠራ መብት በተቀበለ ጊዜ፣ የተወገደው ባንኮኒው ብቻ ሳይሆን ከባንኮኒው ወዲያ ቆሞ ስለ ዕቃው ይመሰክር የነበረው ሰው ጭምር ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ዕቃው የሚናገር ዕቃው ራሱ ሆነ፤ ይናገርም ዘንድ ፊቱን ወደ ገዢው እንዲያዞር ግድ ሆነ። በዚሁ አቆጣጠር በ1930 ማይክል ከለን በኒው ዮርክ ኪንግ ከለን የተባለውን ሰፊ መደብር ሲከፍት፣ በ1937 ደግሞ ሲልቫን ጎልድማን በኦክላሆማ ሲቲ በመንኰራኵር የሚገፋውን የዕቃ ጋሪ ሲያስተዋውቅ፣ የመደብሩ ስፋትም ገዢው ሊሸከም የሚችለው መጠንም አደገ፤ በዚያው ልክ በቀን የሚነካካው፣ የሚገፋውና ከቦታው የሚዛወረው ዕቃ በዛ።

ሠራተኞቹ ለዚህ ግብር የሰጡት ስም አንድ አይደለም። በብዙ ስፍራ ፌሲንግ ይሉታል፤ የዕቃውን ፊት ማስያዝ ነው። እንግሊዞችና አውስትራሊያውያን ፌሲንግ አፕ ሲሉት፣ ፍሮንቲንግ የሚሉትም አሉ። በፍሎሪዳና በአጎራባቾቿ የተስፋፋው የፐብሊክስ ሠራተኞች ብሎኪንግ ይሉታል፤ የዋልማርትና የታርጌት ሠራተኞች ደግሞ ዞኒንግ ይሉታል፤ እዚያ እያንዳንዱ ሠራተኛ የተመደበለትን ክፍል ያስተካክላል። ኮንዲሽኒንግ የሚሉ ሰንሰለታዊ መደብሮችም አሉ፤ የተቆለለው ዕቃ ከፍታ እኩል እንዲሆን ማድረግን ለይተው ሌቨሊንግ የሚሉ፣ መደብሩን በሙሉ ከቀኑ ትርምስ ወደ ቀድሞ መልኩ መመለስን ሪከቨሪ የሚሉ አሉ። ስለዚህ ከአንዱ መደብር ወደ ሌላው የተዛወረ ሠራተኛ፣ እጁ የለመደውን እየሠራ፣ አንደበቱ ግን አዲስ ስም ለመማር ይገደዳል።

አሠራሩ ለተመልካች ቀላል ይመስላል። የገዢው ቁጥር ሲቀንስ፣ ብዙውን ጊዜ ወደ መዝጊያው ሰዓት ወይም የሌሊቱ ጭነት ተደርድሮ ካበቃ በኋላ፣ ሠራተኛው ከመተላለፊያው አንድ ዳር ተነሥቶ፣ ከላይኛው መደርደሪያ ወደ ታችኛው እየወረደ፣ ወደ ኋላ የቀረውን ዕቃ ወደ ጠርዙ ይስባል፤ የዞረውን ስሙ እንዲነበብ ይመልሳል፤ የወደቀውን ያቆማል፤ ቆርቆሮ እንደ ሆነም ሁለት በጥልቀት፣ ሁለት በቁመት አድርጎ ያሰልፈዋል። ይህ «ሁለት በሁለት» በብዙ መደብሮች የጸና ልማድ ስለ ሆነ፣ ከበስተኋላ ምንም ባይኖር እንኳ ከፊት ለሚያይ መደርደሪያው ሙሉ ሆኖ ይታያል። ሁሉም ዕቃ ግን እኩል አይታዘዝም። ቆርቆሮና ካርቶን እንዳቆሟቸው ሲቆሙ፣ የሕፃናት ምግብ የሚታሸግባቸው ትንንሽ ብልቃጦች፣ የቅመም ጠርሙሶች፣ የደረቅ ሾርባ ከረጢቶችና የእርጎ ኩባያዎች አንዱ ሲቃና ሌላው እየተንሸራተተ የሠራተኛውን ትዕግሥት ይፈታተናሉ። በመንገዱም ላይ ባዕድ ዕቃ ያጋጥመዋል፤ ገዢ ሐሳቡን ለውጦ በብስኩት መካከል የተወውን የሻይ ካርቶን፣ በሳሙና አጠገብ የጣለውን የቲማቲም ድልህ እየለቀመ፣ ጎ ባክስ ከሚሏቸው ተመላሾች ጋራ በጋሪ ይሰበስባል። ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ምን ያህል ሰዓት እንደ ቆየ የማይታወቀው ሥጋና አይስክሬም ግን ወደ ቦታው አይመለስም፤ ሽሪንክ በሚሉት የኪሳራ መዝገብ ገብቶ ይጣላል።

ለዚህ ሁሉ ድካም ምክንያቱ የውበት ፍቅር ብቻ አይደለም። መደርደሪያ በክንድ እየተለካ የሚከፋፈል ርስት ነው፤ አምራቾች አዲስ ዕቃቸው በላዩ ስፍራ ያገኝ ዘንድ ስሎቲንግ ፊ የሚባል ክፍያ ለመደብሩ የሚከፍሉበት ጊዜ አለ፤ የትኛው ዕቃ በየትኛው ከፍታና ከማን ጎን እንደሚቆም የሚወስነው ፕላኖግራም የሚባል ንድፍም ከዋናው መሥሪያ ቤት ይላካል። በዚህ ንድፍ ቋንቋ አንድ ሾርባ አራት ፌሲንግ ተሰጠው ሲባል፣ አራት ቆርቆሮ ጎን ለጎን ፊቱን ያሳያል ማለት ነው፤ ከኋላቸው የሚከተለው ብዛት የሌላ ስሌት ነው። በዐይን ትይዩ ያለው ረድፍ ከሁሉ የሚፈለገው ስፍራ ነው። ሠራተኛው ማታ ማታ ዕቃውን ሲያቃና እንግዲህ የዚህን ርስት ድንበር መልሶ መትከሉ ነው። ዳቦውን፣ የድንች ጥብሱንና ለስላሳ መጠጡን ግን ብዙውን ጊዜ የአምራቹ ወይም የአከፋፋዩ ሰዎች ራሳቸው አምጥተው ስለሚደረድሩ፣ በእነርሱ ክልል የመደብሩ ሠራተኛ ድርሻ ያነሰ ነው። ሥርዓት ከልክ ያለፈ እንደ ሆነ ገዢን ያስፈራል የሚሉም አሉ፤ ስለዚህ አንዳንድ የማሳያ ባለሙያዎች፣ ገዢው ያማረውን ክምር ለማፍረስ እንዳይሰቀቅ፣ ከዳሩ አንድ ሁለቱን ሆን ብለው ያነሣሉ።

እስከዚህ የተነገረው ስለ ገሃዱ ወገን ነው። ኅቡኡ ወገን ሮቴሽን ይባላል፤ ሕጉም ፊፎ በሚል አጭር ቃል ይጠራል፤ ይኸውም ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ የሚል ትእዛዝ ነው። ጭነት በመጣ ሌሊት ሠራተኛው አዲሱን ከአሮጌው ፊት ቢያኖር ሥራው ቶሎ ያልቅለታል፤ ሕጉ ግን አሮጌውን አውጥቶ፣ አዲሱን ወደ ኋላ አግብቶ፣ አሮጌውን መልሶ ከፊት እንዲያቆም ያዝዘዋል። ይህ በተጓደለበት መደብር የፊተኛው ሲሸጥና ሲተካ የኋለኛው ሳይነካ ይከርማል፤ አንድ ቀን የፊተኛው ሳይተካ ባለቀ ጊዜም፣ ያው ፌሲንግ የሚባለው ትጋት ዘመኑ ያለፈበትን ዕቃ አቃንቶና አሳምሮ ወደ ገዢው ያቀርበዋል። በብዙ መደብሮች የወተቱ መደርደሪያ ከበስተኋላው ካለው ቀዝቃዛ ክፍል የሚሞላው ስለዚህ ነው፤ አዲሱ ከኋላ ሲገባ አሮጌው ወደ ፊት ይገፋል። ገዢውም ይህን ምሥጢር ደርሶበት፣ እጁን እስከ ክርኑ አግብቶ ከኋላ ያለውን አዲስ ወተት ሲስብ፣ ሠራተኛው በሥርዓት ያቆመው ሰልፍ ይፈርሳል፤ ሆኖም ገዢውን ስለዚህ የሚወቅሰው የለም። በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ቀን ራሱ ብዙ ጊዜ የሕግ ድምፅ አይደለም፤ በአሜሪካ የፌዴራሉ መንግሥት ሕግ በማሸጊያ ላይ ቀን እንዲጻፍ የሚያስገድደው ለሕፃናት ፎርሙላ ወተት ሲሆን፣ በሌላው ምግብ ላይ የሚታየው ቀን በአብዛኛው አምራቹ ስለ ጣዕሙና ስለ ጥራቱ የሰጠው ግምት ነው። ቀኑ ዳኛ መሆን ስለማይችል፣ ያበጠውን ቆርቆሮ፣ ክዳኑ የላላውን ብልቃጥ፣ ከሥሩ የረጠበውን ካርቶን ለይቶ የሚያወጣው ዕቃውን ያነሣው እጅ ነው።

በሙያው ዘንድ ከቸልተኝነት የሚከፋ አንድ በደል አለ፤ እርሱም ያለቀውን ዕቃ ባዶ ስፍራ በጎረቤቱ ዕቃ ሸፍኖ ማለፍ ነው። መደርደሪያው ለጊዜው ያምራል፤ ከሥሩ የተለጠፈው ዋጋ ግን የሌላ ዕቃ ስለ ሆነ ገዢው ይሳሳታል፤ ለማዘዝ የሚዞረውም ሰው ጉድለቱን ሳያይ ያልፋል። የዘመኑ መሣሪያም ከዚህ አያድንም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1974 ዓ.ም. በጁን ወር በ26ኛው ቀን፣ በኦሃዮ ክፍለ ግዛት በትሮይ ከተማ በነበረው የማርሽ መደብር፣ አንድ የማስቲካ እሽግ በባለመስመር ምልክቱ ተነብቦ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተሸጠ ወዲህ፣ እያንዳንዱ ሽያጭ በኮምፒውተር መዝገብ ሊቀነስ ተችሏል፤ ነገር ግን የተሰረቀው፣ የተሰበረውና በሌላ መተላለፊያ የተጣለው በገንዘብ ተቀባዩ ፊት ስለማያልፍ፣ መዝገቡ አለ የሚለው ዕቃ በመደርደሪያው ላይ የማይገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። እንዲህ ባለው ክርክር የመዝገቡን ስሕተት የሚመሰክረው ባዶው ቦታ ብቻ ነው፤ ባዶውን የሸፈነም ሠራተኛ ምስክሩን አፉን አስያዘው።

ሥራውን ከሰው እጅ ለማውረድ የተሞከረው ብዙ ነው። የፊተኛው ሲወሰድ የኋለኛውን በሞላ (በስፕሪንግ) የሚገፋ መሣሪያ በመደርደሪያው ላይ ይተከላል፤ ወለሉ ተዳፋት የሆነ መደርደሪያም ጠርሙሱን በራሱ ክብደት ወደ ፊት ያወርዳል። ዋልማርት ደግሞ ቦሳ ኖቫ የተባለ ድርጅት የሠራቸውን፣ በመተላለፊያው እየዞሩ የጎደለውን የሚቃኙ ሮቦቶች በመቶ በሚቆጠሩ መደብሮቹ ካሰማራ በኋላ፣ በዚሁ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 ዓ.ም. ውሉን አቋርጧል። ሮቦቱ ያይ ነበር እንጂ አይነካም ነበር፤ የሞላው መሣሪያም ይገፋል እንጂ የሚገፋውን አይመረምርም።

የዚህ ሙያ ዋና ቁም ነገር እንግዲህ በዚህ ላይ ነው። ዕቃውን ወደ ፊት መሳብ የማስዋብ ሥራ ብቻ ሆኖ ቢቈጠር፣ ባዶነትን በሙላት መልክ የሚያሳይ ጨዋታ ይሆናል፤ ነገር ግን በመደብሩ ያለው ዕቃ ሁሉ በሰው እጅ ተይዞ በሰው ዐይን የሚታይበት የዘወትር ምርመራ እርሱ ስለ ሆነ፣ ሠራተኛው ቆርቆሮውን በሳበ ቁጥር ያረጀውን፣ የፈሰሰውንና ያለቀውን ከማንም በፊት ያውቃል። ይህ የሚሆነው ግን ለማየት የሚበቃ ጊዜ ሲሰጠው ነው። ሥራ አስኪያጁ በማለዳ በመተላለፊያው እያለፈ የፊተኛውን ረድፍ ቀጥ ማለት ብቻ የሚመለከት፣ ለመተላለፊያውም የሚሰጠው ደቂቃ ያነሰ እንደ ሆነ፣ ሠራተኛው በተፈጥሮው ትጉህ ቢሆንም እንኳ የሚታየውን ሠርቶ የማይታየውን ይተዋል፤ ጥፋቱም የእርሱ ብቻ አይሆንም። የመደብርን ታማኝነት ለመመዘን የሚሻ ገዢ ስለዚህ በፊተኛው ረድፍ ማማር አይፍረድ፤ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ዕቃ አንሥቶ ቀኑን ያስተያይ፤ አሮጌው ከፊት፣ አዲሱ ከኋላ ሆኖ ካገኘው፣ በዚያ ቤት ለሠራተኛው ጊዜ እንደሚሰጠው፣ ሠራተኛውም በተሰጠው ጊዜ እንደ ሠራበት ይወቅ።