ኮሶን በጓሮ ማሳደግ

ኮሶ ከጽጌረዳ ቤተሰብ የሚመደብ የደጋ አበባ ዛፍ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ሀጌኒያ አቢሲኒካ ሲሆን፣ በወገኑ ውስጥ ሌላ ዝርያ የለም። በሐሩር አፍሪካ ተራሮች ላይ ከኢትዮጵያ አንስቶ እስከ ማላዊ ድረስ ይበቅላል። ቁመቱ እስከ 20 ሜትር ይደርሳል፤ ልጡ ቀላ ያለና የሚላላጥ ነው፤ ቅጠሎቹ በቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ይሰባሰባሉ። አበባው በትልልቅ ዘለላ ወደ ታች ይንዠረገጋል። በ1770 እ.ኤ.አ. ግሽ ዓባይ የደረሰው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ስለዚህ ዛፍ ጽፎ ከሥዕሉ ጋር ለአውሮፓ ምሁራን አስተዋውቋል።

ደርቆ የተፈጨው የሴቴዋ አበባ በውኃ ተበጥብጦ የሆድ ትል ለማስወጣት ለብዙ ዘመን ሲጠጣ ኖሯል። ሲበዛ ስለሚመርዝ ዛሬ ክኒን ተክቶታል። ዛፉን የጎዳው ግን እንጨቱ ነው። ለቤት ዕቃ ስለሚፈለግ እየተቆረጠ በጎጃም ደጋ እጅግ ሳስቷል፤ በጮቄ ተዳፋትና በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ የቀረው የቀድሞው ደን ቅሪት ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶን ከዋንዛ፣ ከዝግባና ከጽድ ጋር በመንግሥትና በክልል ደኖች እንዳይቆረጥ ከከለከላቸው ዛፎች አንዱ አድርጎት ነበር። እንዲህ ያለ ክልከላ የቆመውን ይጠብቃል እንጂ አዲስ አያበቅልም፤ የግቢ ተከላ ዋጋም እዚህ ላይ ነው።

ኮሶ በተለይ ከ2,300 እስከ 3,300 ሜትር ከፍታ ይስማማዋል። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነች ለተከላ ምቹ ናት።

የኮሶ ወንዴና ሴቴ አበባ በተለያየ ዛፍ ላይ ነው። የሴቴዋ ዘለላ ወደ ቀይ ያደላል፤ የወንዴው ፈዘዝ ያለ ነው። ዘር የሚለቀመው ከሴቴዋ ሲሆን፣ በአቅራቢያዋ ወንዴ ያላት እናት ዛፍ ትመረጣለች። ቅላቱ ጠፍቶ ዘለላው ቡናማ ሆኖ ሲደርቅ፣ ነፋስ ሳይበትነው፣ ሥሩ ጨርቅ ተነጥፎ ይቆረጣል። ከዚያ በመዳፍ መሐል ይታሻል፤ ገለባው በቀስታ እፍ ሲባል ደቃቁ ዘር ይቀራል። አንድ ኪሎው በመቶ ሺህ የሚቆጠር ፍሬ ስለሚይዝ ለአንድ ግቢ ጭብጥ እንኳ ይበዛል።

ዘሩ መነከርም መፋቅም አያሻውም፤ ሲቆይ ግን የመብቀል ኃይሉ ስለሚደክም በትኩሱ መዝራት ነው። ደቃቅ አሸዋ ተቀላቅሎበት በለሰለሰና በተደለደለ መደብ ላይ ይበተናል፤ በላዩ ላይ የሚነሰነሰው አፈር ስስ መሆን አለበት። ብዙ ዘር የሚጠፋው ጥልቅ ሲቀበር ወይም ከባልዲ በቀጥታ በሚፈስ ውኃ ሲታጠብ ነው። ስለዚህ መደቡ ሣር ይጎዘጎዝበታል፤ ውኃውም ቀዳዳ በበዛው ማጠጫ ይረጫል። ቡቃያው ብቅ ሲል ጉዝጓዙ ይነሣል። ጥቂት ቅጠል ሲያወጣ የደን አፈር፣ አሸዋና የበሰለ ፍግ ወደተሞላ የችግኝ ፕላስቲክ ይዛወራል።

ውርጭ ለጋ ችግኝ ያቃጥላል፤ በበጋ ሌሊት የሣር ዳስ ያስፈልገዋል። ዳሱ ለዘለቄታው አይደለም። ኮሶ ብርሃን ወዳድ ስለሆነ በጥላ ሥር ይቀጭጫል፤ ከመተከሉ በፊት ዳሱ ቀስ በቀስ እየሳሳ ፀሐይ ይለምዳል። ተከላው ክረምቱ ሲገባ፣ መሬቱ በሚገባ ከራሰ በኋላ ነው። ጉድጓዱ ውኃ የማይተኛበት፣ ከባሕር ዛፍ የራቀ ቦታ ላይ ይቆፈራል። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ትልቅ ጠላት ከብት ስለሆነ ዙሪያው በእሾህ ይታጠራል።

ቅርንጫፍ ቆርጦ ሥር ማስያዝ የእናቲቱን ጾታ እንደያዘ ቢያስቀጥልም፣ ለቤት ተካይ ከዘር ይልቅ አድካሚ ነው። ተመራማሪዎች በቤተ ሙከራ ከቡቃያው ቁራጭ ችግኝ ማባዛት ችለዋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ለገሠ ነጋሽም በ1995 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ የኢትዮጵያን አገር በቀል ዛፎች ሥነ ሕይወትና የማባዛት ዘዴ አስፍረዋል።

ከዘር የበቀለ ኮሶ ጾታው የሚታወቀው ሲያብብ ነው። አንድ ብቻ ተክሎ ለዓመታት የጠበቀ ሰው ወንዴ ሊሆንበት ስለሚችል፣ ቦታ ያለው አምስት ስድስት ችግኝ በአንድ አካባቢ ይተክላል፤ ጎረቤታሞችም ተነጋግረው በየአጥራቸው ቢተክሉ ያው ነው። ካበቡ በኋላ ከተጠጋጉት ወንዴዎች ትርፉ ይነሣል፤ ሴቴዎቹና ለመዳቀል የሚበቃው ወንዴ ይቀራሉ።