ጎማ ከጎኑ ለምን ይፈነዳል?

እ.ኤ.አ. በ2021 በባኩ የፎርሙላ 1 ውድድር ይመራ የነበረው ማክስ ቨርስታፐን፣ ሊጨርስ 5 ዙር ያህል ሲቀረው የኋላ ግራ ጎማው ፈንድቶ ከግንብ ጋር ተላተመ። ላንስ ስትሮልም በዚያው ቀን ቀደም ብሎ ይኸው ደርሶበታል። ጎማውን የሠራው ፒሬሊ መርምሮ፣ የተቀደደው የውስጠኛው ጎን ነው፤ የአሠራር ጉድለት ግን አላገኘሁም አለ።

የጎማ ጎን ስስ ነው። ንፋስ ሲያንሰው በተሽከረከረ ቁጥር ይታጠፋል፣ ይግላል፤ ሙቀቱም ውስጡ ያሉትን ክሮች ያደክማል። ፍጥነት ሲጨመርበት ይብሳል። የስፖርት መኪና ጎማ ደግሞ ጎኑ አጭር ስለሆነ ጉድጓድ ሲመታ ከቸርኬው ጋር ይጨፈለቃል፤ ክሩ ተበጥሶ ጎኑ ያብጣል። እንዲህ ያበጠ ጎማ ይለወጣል እንጂ አይለጠፍም።

ልጆቻችን ያገለገለ ፈጣን መኪና ሲገዙ ሞተሩን ያዳምጣሉ፣ ቀለሙን ያያሉ። የጎማው የውስጥ ጎን ግን ጎሚስታው መኪናውን ካላነሳው በደንብ አይታይም።