ከቄራው ጋር የሚፈሰው ሀብት

የሶማሊላንዷ ሐርጌሳ በከብት ሀብት የቆመች ከተማ ናት። ገበያዋን የፍየል፣ የበግና የግመል ሥጋ ይሞላዋል። 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ያለው የበርበራ ወደብ ደግሞ የሐጅ ወቅት ሲቃረብ እንስሳቱን ከነሕይወታቸው በመርከብ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ይልካል። ይህ ንግድ ሲቋረጥ ምን እንደሚከተል የሶማሊላንድ ሰው ጠንቅቆ ያውቃል። ሳዑዲ ዓረቢያ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳትን ፈርታ እ.ኤ.አ. በ1998፣ እንደገናም በ2000 በሯን ዘግታለች፤ ሁለተኛው እገዳ የተነሳው በ2009 ነው። ስለዚህ እዚያው አገር ውስጥ ከሚታረደው እንስሳ የቱን ያህል መጠቀም ይቻላል የሚለው ነገር ለከተማዋ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም።

ሥጋው ይበላል፣ ቆዳው ይሸጣል። ደሙና አጥንቱስ?

አንድ በሬ ሲታረድ ከ10 እስከ 15 ሊትር ደም ይወጣዋል። ከመቶ ግራም ደም ውስጥ 17 ወይም 18 ግራሙ ፕሮቲን ነው፤ ይህም ከቀይ ሥጋ ብዙም አያንስም። ይህ ሁሉ በውኃ ታጥቦ ወደ ቦይ ሲወርድ ሀብቱ ብቻ አይደለም የሚጠፋው። ደም በውኃ ውስጥ ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል። አንድ ሊትር ደም የሚያደርሰው የብክለት ጫና ከ500 ሊትር ያላነሰ የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ ከሚያደርሰው ጋር ይመጣጠናል። ሐርጌሳ ደግሞ የምትጠጣውን ውኃ ከጌድ ዴብሌ ጉድጓዶች በቧንቧ የምታመጣ፣ ውኃ እንደልብ የማይገኝባት ከተማ ናት። ወለል የሚያጥበው ውኃም የሚቆሽሸው ውኃም ዋጋው ውድ ነው።

ፕሮቲኑን መልሶ መያዝ ግን እንደሚታሰበው ረቂቅ ጥበብ አይጠይቅም። ደሙ መሬት ሳይነካ በገንዳ ይጠራቀምና በእንፋሎት ይሞቃል። ሙቀቱ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ እንደ እንቁላል ይረጋል። ውኃው ተጨምቆ ይወጣል፣ የቀረው ደርቆ ይፈጫል። የሚገኘው ዱቄት 80 በመቶ ገደማ ፕሮቲን ነው። በሌሎች አገሮች ያሉ ትልልቅ ፋብሪካዎች ከዚህም አልፈው ደሙ እንዳይረጋ መድኃኒት ጨምረው በማሽከርከሪያ ይለዩታል፤ ቢጫውን ፈሳሽ፣ ፕላዝማውን፣ ለብቻው አድርቀው ይሸጣሉ። ትልቁም ትንሹም ፋብሪካ ግን አንድ ሁኔታ መጠበቅ አለበት፤ ደሙ ከፈርስና ከእጥበት ውኃ ጋር ሳይቀላቀል፣ ሳይሸት፣ በሰዓታት ውስጥ መያዝ ይኖርበታል። አንዴ ከተቀላቀለ በኋላ መለየቱ ከሚያስገኘው ጥቅም በላይ ያስወጣል።

ሐርጌሳ ውስጥ ከቴክኒኩ የሚከብደው ሌላ ጉዳይ ነው። የፈሰሰ ደም በእስልምና ለምግብነት ሐራም ነው፤ ብዙ ሊቃውንት ሽያጩንም ይከለክላሉ። የኦርቶዶክስ ክርስቲያኑ የኢትዮጵያ ጎረቤትም ደም አይበላም። ስለዚህ የደም ዱቄት ለእንስሳት መኖ ይሁን ወይስ ለማዳበሪያ፣ ይሸጥ ወይስ ከተማው በነፃ ያከፋፍለው የሚለውን ዑለማዎች ሳይጠየቁ መጀመር ስህተት ነው። የደም ዱቄት ከ12 በመቶ በላይ ናይትሮጅን አለው። ይህ ለገቢሌ አካባቢ የማሽላና የበቆሎ ማሳ ምን ማለት እንደሆነ ገበሬ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። መኖን በተመለከተ የአውሮፓ ታሪክ ራሱን የቻለ ማስጠንቀቂያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 በብሪታንያ የታወቀው የእብድ ላም በሽታ የተዛመተው ከታረዱ ከብቶች የተሠራ የሥጋና የአጥንት ዱቄት መልሶ ለከብት በመሰጠቱ ነው። የከብት ዱቄት ለከብት መስጠት አይገባም።

አጥንቱ ይህን ያህል ክርክር የለበትም፤ መንገዱንም አስቀድሞ ያሳየ አለ። በቡርዖ ከተማ ሳንያሬ የተባለ ማኅበር ከቄራ የሚጣለውን አጥንት ሰብስቦ ይቀቅላል፣ ከመቅኒው የሚንሳፈፈውን ስብ ገፍፎ ሳሙና ይሠራል፤ ከአጥንቱም ጌጣጌጥ ይቀርጻል። ትናንት ውሻ ሲጎትተው የነበረ አጥንት ዛሬ የሰው እንጀራ ሆኗል። ይህ ሊደነቅ የሚገባው ሥራ ነው። ሆኖም ስቡ ከወጣ በኋላም አጥንቱ ገና አላለቀም። ከደረቅ አጥንት ከአምስት እጅ አንዱ ገደማ ኮላጅን የተባለው ፕሮቲን ነው። ማዕድኑ በቀጭን አሲድ ሟሙቶ ሲወጣ የቀረው ለስላሳ ክፍል በሙቅ ውኃ ይቀልጥና ጄላቲን ይሆናል። የመድኃኒት ካፕሱል፣ ከረሜላና ጄሊ የሚሠሩት በእሱ ነው።

እዚህ ላይ ሐርጌሳ ጥሩ ዕድል አላት። በዓለም ገበያ ከሚሸጠው ጄላቲን ትልቁ ድርሻ የሚመጣው ከአሳማ ቆዳ ነው፤ ሙስሊም ሸማች ደግሞ በየአገሩ ሐላሉን ይፈልጋል። በሶማሊላንድ የሚታረደው እንስሳ በሐላል ሥርዓት የታረደ ነው። እርግጥ ነው፣ የጄላቲን ፋብሪካ ብዙ ንጹሕ ውኃ፣ አሲድና የጥራት ምርመራ ይፈልጋል፤ በአንድ ጊዜ የሚደረስበት አይደለም። የአዲስ አበባ ቄራዎች ድርጅት የሥጋና አጥንት ዱቄት፣ የደም ዱቄትና ሞራ ሲያመርት መኖሩ ግን አካባቢው ለዚህ ሥራ እንግዳ እንዳልሆነ ያሳያል።

ፕሮቲን የሚባክነው ከቄራ ብቻ ነው ወይ የሚል ሰው ወተትን ያነሳ ይሆናል፤ የወተቱ ነገር ግን ለጊዜው ሊቆይ ይችላል። አይብ ሲወጣ የሚቀረው አጓት ለጥጃና ለሕፃን ሲሰጥ የኖረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የላም ወተት ፕሮቲን ሃያ በመቶ ያህሉ ከአጓቱ ጋር የሚሄደው ዓይነት ነው። የሐርጌሳ ዋና ወተት ግን የግመል ነው፤ በተለመደው የአይብ ማርጊያ በቀላሉ አይብ ስለማይሆንም የሚጣል አጓት ብዙም የለም።

የሐርጌሳውን ማንዴቅን ለመሰለ የከተማ ቄራ የመጀመሪያው እርምጃ ውድ አይደለም። የደም መቀበያ ገንዳ፣ አጥንት ለብቻው የሚከማችበት ንጹሕ ቦታ፣ ሁለቱንም የሚለይ የሠለጠነ ሠራተኛ በቂ ነው። የከተማው አስተዳደር፣ የቄራ ባለቤቶችና ከውጭ ገንዘብ የሚልኩ የሶማሊላንድ ልጆች ዑለማዎቹን አማክረው ከአጥንቱ ይጀምሩ፤ የቡርዖው ማኅበር ልምዱን ሊያካፍላቸው ቅርብ ነው።