ለታላቅ ከተማ የሚሆነውን ውኃ ከምንጩ ስለ መጠበቅ

«ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ» ይባላል። የከተማ ውኃ ነገር ከሥሩ ቢመረመር፥ ሥሩ የሚገኘው በከተማው ውስጥ ሳይሆን ከከተማው ርቆ ባለው ተራራ፥ ማሳና የግጦሽ መሬት ላይ ነው። የከተማ ሰው ውኃን የሚያውቀው ከቧንቧ ሲወርድ ብቻ ነው፤ ዝናቡ ወርዶ በየጅረቱ ሲሰበሰብ የሚያየው ግን የአገሩ ሹምና ባለ መሬቱ ነው። ስለዚህ ከተማ እያደገ በሄደ ቍጥር ውኃውን ማዘጋጀት የመሐንዲስ ሥራ ብቻ መሆኑ ይቀርና የገዢውና የገበሬውም ሥራ ይሆናል። ይህን ለማስረዳት በአሜሪካ የምትገኘው የኒው ዮርክ ከተማ ታሪክ መልካም ምሳሌ ነው፤ ጥበቡም ስሕተቱም በአንዲት ከተማ ተጣምሮ ይገኛልና። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በቀድሞ ዘመን የኒው ዮርክ ሕዝብ ይጠጣ የነበረው በከተማው ውስጥ ከተቈፈሩ ጕድጓዶች ነበር። ቤቱ ሲበዛ የመጸዳጃው እድፍ ወደ ጕድጓዶቹ ሰረገ። በ1832 የኮሌራ በሽታ ገብቶ ብዙ ሕዝብ ፈጀ፤ በ1835 ደግሞ በብርቱ ብርድ ወራት እሳት ተነሥቶ የንግዱን ሠፈር ሲያቃጥል፥ ውኃው ረግቶ ስለ ነበር ማጥፊያ ታጣ። ከዚህ በኋላ የከተማው ሹማምንት የክሮተንን ወንዝ ገድበው፥ 66 ኪሎ ሜትር የሚሆን የግንብ ቦይ አሠርተው በ1842 ውኃውን ወደ ከተማው አስገቡ። ቦይው ቀስ እያለ እንዲያዘቀዝቅ ተደርጎ ስለ ተሠራ፥ ውኃው ያለ አንዳች መኪና በራሱ ክብደት እየወረደ ይደርስ ነበር።

ከተማው ግን ማደጉን አላቆመም። በ1900 የሕዝቡ ቍጥር ከ3 ሚሊዮን በላይ ስለ ሆነ፥ በ1905 የውኃ ጉዳይ የሚመለከት ልዩ ጉባኤ ተቋቁሞ ወደ ካትስኪል ተራሮች፥ በኋላም ወደ ደላዌር ወንዝ ምንጮች ተሻገረ። ግድቦቹ በየጊዜው ሲሠሩ ቈይተው የመጨረሻው የተፈጸመው በ1960ዎቹ ነው። አንዱ ግድብ ተፈጽሞ ውኃ እስኪሰጥ ድረስ ብዙ ዓመታት ያልፋሉ፤ ስለዚህ ሥራውን ጥማቱ ከመጣ በኋላ መጀመር ከንቱ መሆኑን ከተማው አስቀድሞ ተረድቶት ነበር።

ነገር ግን ለዚህ ሥራ የተከፈለው ዋጋ ገንዘብ ብቻ አልነበረም። አሾካን የሚባለው ማጠራቀሚያ ሲሠራ፥ መሬቱ በሕግ ኃይል እየተወሰደ ወደ 2000 የሚጠጉ ሰዎች ከየመንደራቸው ተነሡ፤ የሙታን ዐፅም እንኳ ከመቃብር ወጥቶ ወደ ሌላ ስፍራ ተዛወረ። በዚህ ምክንያት የተራራው ሕዝብ በከተማው ላይ ያደረበት ቅሬታ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ቈየ።

ዛሬ ኒው ዮርክ 19 ማጠራቀሚያዎችና 3 ሐይቆች አሏት። ውኃው የሚሰበሰብበት አገር ወደ 5100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ከተማውም በየቀኑ ወደ 4 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይቀበላል። ከዚህ የሚበልጠው ክፍል የካትስኪልና የደላዌር ውኃ ሲሆን፥ በክሎሪንና በልዩ ጨረር ይነጻል እንጂ በማጣሪያ ውስጥ አያልፍም።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? በ1989 የአሜሪካ መንግሥት ባወጣው ደንብ መሠረት ውኃን ከወንዝና ከሐይቅ የሚቀዳ ከተማ ሁሉ ማጣሪያ እንዲያቆም ታዘዘ፤ የውኃውን አገር በሚገባ መጠበቁን ያስረዳ ከተማ ግን ከዚህ ግዴታ ሊድን ይችላል። ማጣሪያው ቢሠራ ከ6 እስከ 8 ቢሊዮን ዶላር እንደሚፈጅ ተገመተ። ከተማው በመጀመሪያ በገበሬው ላይ የሚከብድ ደንብ ሊያወጣ ቢያስብ፥ የጥንቱ ቅሬታ ተነሥቶ ነገሩ ሊበላሽ ሆነ። በኋላ ግን ሁለቱ ወገኖች ተቀምጠው ተመካከሩና በ1997 የስምምነት ውል ተፈራረሙ። ከውሉ ዋና ዋናዎቹ ነገሮች እነዚህ ናቸው።

1ኛ፤ ከተማው መሬት የሚገዛው በፈቃዱ ከሚሸጥ ሰው ብቻ ነው፤ ለገዛውም መሬት ለአገሩ ግብር ይከፍላል።

2ኛ፤ በየመንደሩ የእድፍ ውኃ ማጣሪያ እንዲሻሻልና የተበላሹ የመጸዳጃ ጕድጓዶች እንዲታደሱ ገንዘቡን ከተማው ይሰጣል።

3ኛ፤ ቀደም ሲል በ1993 በተቋቋመውና ገበሬዎች በሚመሩት ማኅበር አማካይነት፥ ፈቃደኛ የሆነ ገበሬ ሁሉ ለእርሻው የተለየ እቅድ ይወጣለታል፤ ወጪውን የሚችለው ከተማው ነው።

4ኛ፤ በወንዝ ዳርና በማጠራቀሚያው አጠገብ ውኃን የሚያሳድፍ ሥራ በሕግ ይወሰናል።

የእርሻው እቅድ ነገር በተለይ ሊታወቅ ይገባል። የጥጃ እበት በዓይን የማይታዩ፥ ክሎሪንም በቀላሉ የማይገድላቸው የበሽታ ተሐዋስያን ይዞ ይገኛል፤ ስለዚህ የጥጆቹ ጋጣ ከወንዝ እንዲርቅ ይደረጋል። ፍግ ከልክ በላይ በማሳ ላይ ሲበተን ጎርፍ ጠርጎ ወደ ማጠራቀሚያው ያገባዋል፤ ፎስፎር የሚባለው ቅመም በውኃው ውስጥ አረንጓዴ አልጌን ያበዛና ጣዕሙን ያበላሻል። ስለዚህ የፍግ ማኖሪያ ይሠራል፥ ከብቱም ወንዙን እንዳይረግጥ አጥር ታጥሮ መጠጫ ገንዳ ይዘጋጃል፥ በወንዙ ዳር ዛፍና ሣር ይተከላል። ይህ ሁሉ ውኃውን ከመጠበቁም ሌላ የገበሬውን አፈርና የከብቱን ጤና ስለሚጠቅም፥ አብዛኞቹ ትላልቅ እርሻዎች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደዚህ ሥራ ገቡ።

የስሕተቱም ምሳሌ ሩቅ አይደለም። ከሁሉ አስቀድሞ የተገደበው የክሮተን አገር ለከተማው ቅርብ ስለ ሆነ፥ መሬቱ በጊዜው ሳይጠበቅ ቀርቶ ቤትና መንገድ ሞላበት። በዚህ ምክንያት ለክሮተን ውኃ ማጣሪያ ማቆም ግድ ሆነ፤ ማጣሪያውም ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ፈጅቶ በ2015 ሥራ ጀመረ። ከተማው አንድ ሆኖ ሳለ፥ የተጠበቀው አገር ጥሩ ውኃ ሲሰጠው ያልተጠበቀው ግን ዕዳ ሰጠው።

ደግሞም ከተማው ውኃ መጨመርን ብቻ አላሰበም። ከ1994 እስከ 1997 ድረስ ብዙ ውኃ የሚፈጁ ከ1 ሚሊዮን በላይ የመጸዳጃ ዕቃዎች እንዲለወጡ ለባለቤቶቹ ገንዘብ ሰጠ፤ የሚፈሰውንም ቧንቧ እየፈለገ አሳደሰ። ስለዚህ የሕዝቡ ቍጥር ሲጨምር በየቀኑ የሚወጣው ውኃ ቀነሰ። ከመባከን የዳነ ውኃ እንደ አዲስ ግድብ ይቈጠራል።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያም ትምህርት ነው። አዲስ አበባ አስቀድሞ ከእንጦጦ ምንጮች ትጠጣ ነበር፤ ከዚያም በ1940ዎቹ ገፈርሳ፥ በ1970 ለገዳዲ፥ በ1990ዎቹ መጨረሻ ድሬ ተገደቡ፤ በአቃቂም ጥልቅ ጕድጓዶች ተቈፈሩ። ከለገዳዲ በላይ ባለው ማሳ ላይ ክረምት ሲገባ ጎርፍ አፈሩን እያጠበ ወደ ግድቡ ያወርደዋል። ደቃቁ ጭቃ በራሱ ስለማይዘቅጥ፥ ውኃውን ለማጥራት ብዙ መድኃኒትና ገንዘብ ይጠይቃል፤ የዘቀጠውም ደለል የውኃውን ስፍራ ይይዛል። በዚህም ገበሬው አፈሩን፥ ከተማው ውኃውን ያጣል፤ ሁለቱም የሚጐዱት በአንዱ ጎርፍ ነው።

እንግዲህ በየአውራጃው ከተማ እያደገ የሚሄድበት አገር ሹም ሁሉ፥ ከተማው የሚጠጣውን ውኃ የሚሰበስበው መሬት የቱ እንደ ሆነ ቤት ሳይበዛበት አስቀድሞ ለይቶ ማወቅ፥ በተዳፋቱ ላይ እርከን ማሠራት፥ የወንዙን ዳር በሣርና በዛፍ ማስጠበቅ ይገባዋል። ከሁሉ በላይ ግን፥ ከላይ ያለው ገበሬ ለታችኛው ከተማ ብሎ ከግጦሹና ከማሳው አንዳች ነገር ሲተው፥ ከተማው ካሳውን ሊከፍለው ይገባል። ዋጋው ለጠባቂው ያልተከፈለ ውኃ ብዙ ዘመን ጥሩ ሆኖ አይቈይም።