ጓርኒሲዮኑን ማን አቃጠለው?

አሜሪካ ውስጥ የናፍጣ ፒካፕ የሚጠግን ሰው ሁሉ የሚያውቀው አስቸጋሪ ሞተር አለ፤ ከ2003 እስከ 2007 ሞዴል በፎርድ ኤፍ-250 እና ኤፍ-350 ላይ የተገጠመው ባለ 6.0 ሊትሩ ፓወር ስትሮክ። የሠራው ናቪስታር ነው። ስሙ የጠፋው የቴስታታ ጓርኒሲዮን እየበላ ባለቤቶቹን ስላስመረረ ሲሆን፣ ብዙዎች ጥፋቱን የሚጥሉት በቡሎኖቹ ላይ ነው። እውነት ነው፣ በእያንዳንዱ ሲሊንደር ዙሪያ ቴስታታውን የሚይዙት አራት ቡሎኖች ብቻ ናቸው። እኔ ግን በቡሎኑ አልስማማም። ጣጣው የሚጀምረው ከዘይት ማቀዝቀዣው ነው።

ይህ ማቀዝቀዣ በሁለቱ የሲሊንደር ረድፎች መካከል ተሸሽጎ ይገኛል። ውስጡ በስስ የብረት ንጣፎች ተከፋፍሎ በአንዱ ወገን ዘይት፣ በሌላው የራዲያተር ውሃ ያልፍበታል። የውሃው መተላለፊያ በጣም ጠባብ ነው። ብሎኩ በአሸዋ ቅርጽ ሲሠራ ሳይጸዳ የቀረ የአሸዋ ቅንጣትና ከማቀዝቀዣ ፈሳሹ የሚረጋ ዝቃጭ እዚያ እየተጠራቀሙ መንገዱን ይዘጉታል። ሹፌሩ ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የሙቀት ጌጅ የሚያሳየው የውሃውን እንጂ የዘይቱን ሙቀት አይደለም።

ያው ውሃ ከዘይት ማቀዝቀዣው ወጥቶ በቀጥታ የሚሄደው ወደ ኢጂአር ማቀዝቀዣ ነው። ኢጂአር የናይትሮጅን ኦክሳይድ ብክለትን ለመቀነስ ከተቃጠለው ጭስ ከፊሉን ወደ ሞተሩ የሚመልስ ሥርዓት ነው። ከባድ ተጎታች ሲጎተት ይህ ጭስ ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል። ከላይ መንገዱ ስለተዘጋ ለኢጂአር ማቀዝቀዣው በቂ ውሃ አይደርሰውም፤ የደረሰውም ጥቂት ውሃ ይፈላል። ቱቦዎቹ ይሰነጠቃሉ፤ ውሃው በአየር ማስገቢያው በኩል ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። ውሃ ደግሞ እንደ አየር አይታመቅም። ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ቡሎኖቹ ይሳባሉ፣ ቴስታታው ብድግ ይላል፣ ጓርኒሲዮኑ ይለቃል። ባለቤቱ የሚያየው ከማርሚታው የሚወጣ ነጭ ጭስና በውሃ ማጠራቀሚያው ክዳን ዙሪያ የደረቀ ነጭ ዝቃጭ ነው።

አሁን ጋራዡ ጓርኒሲዮኑን ቀይሮ፣ በቡሎኖቹ ምትክ ጠንካራ ስታድ አስሮ፣ አዲስ ኢጂአር ማቀዝቀዣ ገጥሞ ቢያስረክብስ? የተዘጋው የዘይት ማቀዝቀዣ ከቦታው ካልተነሳ አዲሱ ኢጂአር ማቀዝቀዣም ውሃ ተጠምቶ በተራው ይሰነጠቃል። ያን ያህል ገንዘብ የፈሰሰበት ጥገና እንዲህ ሲባክን ያንገበግባል፤ ምክንያቱም ምርመራው ቀላል ነው። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ አውራ ጎዳና ላይ በተረጋጋ ፍጥነት እየነዱ በስካነር የዘይቱንና የውሃውን ሙቀት ማነጻጸር ይበቃል። ዘይቱ ከውሃው ከ8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ከጋለ ማቀዝቀዣው እየተዘጋ ነው። በዚህ ሞተር ላይ ኢንጀክተሮቹን የሚገፋቸውም ያው የሞተር ዘይት ስለሆነ የዘይቱ መጋል እነሱንም ይነካል።

ከ1998 አጋማሽ እስከ 2002 የወጣው ባለ 5.9 ሊትር ከሚንስ ሞተር ያለው ዶጅ ራምም ተመሳሳይ ጣጣ አለበት። እዚያ የሚሞተው ቪፒ44 የተባለው ውድ የቦሽ ፖምፓ ነው። ይህን ፖምፓ የሚያለሰልሰውም የሚያቀዘቅዘውም በውስጡ የሚያልፈው ናፍጣ ራሱ ነው። ናፍጣውን የሚልክለት ብሎኩ ላይ የታሰረ አነስተኛ የኤሌክትሪክ መጋቢ ፖምፓ ሲሆን፣ እሱ ሲደክም ትልቁ ፖምፓ በደረቁ እየተፋተገ ይግላል። በአገራችን ገጠር የምናውቀው የላንድክሩዘር ፒካፕ 1ኤችዜድ ሞተር ፖምፓም የሚለሰልሰው በናፍጣ ነው፤ ስለዚህ ፊልትሮ ሲደፈን ወይም ናፍጣው ውሃ ሲቀላቀልበት ይጎዳል።

በራሙ ላይ አዲስ ቪፒ44 ከመገጠሙ በፊት የመጋቢ ፖምፓው ግፊት መለካት አለበት። ሚኒሞ ላይ ብቻ ሳይሆን ጭነት ተጭኖ፣ ነዳጅ መስጫው እስከ ታች ተረግጦም መለካት አለበት፤ የደከመ መጋቢ ቆሞ ሲለካ ደህና መስሎ የሚከዳው ዳገት ላይ ነውና።