የዱር እንስሳት ቆጠራና የማሳ ጥበቃ በዋግ ኽምራ

እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ የሆነው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ ዋልያና ቀይ ቀበሮ በመመናመናቸው በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገብቶ፣ በ2017 ወጣ። መመናመንም ሆነ ማገገም የሚለየው በቆጠራ ነው።

በሰቆጣ አካባቢም «ዝንጀሮ በዛ፣ ማሽላውን ፈጀው» ሲባል ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፤ መንጋው በዝቷል፣ አለዚያም ጫካው ተመንጥሮ ወደ ማሳ ወርዷል። መፍትሔያቸው የተለያየ ስለሆነ አስቀድሞ መቁጠር ይገባል።

የልማት ሠራተኞችና ማኅበራት እንዲህ እንዲያደርጉ እንመክራለን፦

1. ዝንጀሮ ገደል ላይ ስለሚያድር፣ ጎህ ሲቀድ ከማደሪያው ሲወጣ ቁጠሩ።
2. በየዓመቱ ቦታው፣ ወሩና ሰዓቱ አንድ ይሁን።
3. መንጋው ሁለት ጊዜ እንዳይቆጠር ሰዓቱንና የሄደበትን አቅጣጫ መዝግቡ።
4. ምንም ካልታየ «ዜሮ» ብላችሁ ጻፉ።

በአንድ ዓመት ቁጥር ብቻ አትወስኑ፤ መዝገቡን ለተከታዩ ሠራተኛ አስረክቡ።