በእንግሊዝ አገር የትምህርት ቤት ጉባኤ አባል ስለ መሆንና ሌላውን ስለ መጠቆም

በእንግሊዝ አገር በየትምህርት ቤቱ ጋቨርነር የሚባሉ ሰዎች አሉ። ቃሉ ወደ ቋንቋችን ሲመለስ አገረ ገዥ ማለት ስለሚመስል፣ ሰሚው ሎሌ ያስከተለ ሹም ያስብ ይሆናል። የትምህርት ቤቱ ጋቨርነር ግን ደመወዝ የለውም፤ ብቻውን ሆኖ ለአንድ መምህር እንኳ ትእዛዝ መስጠት አይችልም። ሥልጣኑ የጉባኤው ነው፤ ተሰብስበው የወሰኑት ይጸናል፤ አንዱ አባል በደጅ የተናገረው ግን የአንድ ሰው ቃል ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የጉባኤ አባል እንለዋለን።

በአገራችንም የወላጆች፣ የተማሪዎችና የመምህራን ኅብረት በየትምህርት ቤቱ ስላለ፣ ሌሎች ይህን የመሰለውን ሥራ በምን ሥርዓት እንደሚያካሂዱት ማወቅ ለመምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የሚጠቅም ይመስለናል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ወላጆች በዚህ ጉባኤ መቀመጫ ያገኙት ያለ ጠብ አይደለም። በ1970ዎቹ ዓመታት አጋማሽ በሎንዶን ከተማ፣ ኢዝሊንግተን በሚባለው ሰፈር፣ በዊልያም ቲንዴል ትምህርት ቤት ታላቅ ክርክር ተነሣ። መምህራኑ ልጆች የሚሠሩትን ራሳቸው እንዲመርጡ የሚፈቅድ አዲስ ዘዴ አመጡ፤ ብዙ ወላጆች ልጆቻችን ማንበብና መጻፍ ሳይማሩ ቀሩ ብለው አዘኑ፤ ከፊሎቹም ልጆቻቸውን አስወጡ። የጉባኤው ሰዎችና መምህራኑ ተጣሉ፤ መምህራኑም ሥራ እስከ ማቆም ደረሱ። ሮቢን ኦልድ የተባሉ የሕግ ዐዋቂ ነገሩን መርምረው በ1976 ባቀረቡት መግለጫ መምህራኑንም የከተማውንም የትምህርት መሥሪያ ቤት ወቀሱ። ከዚያ በኋላ በ1980 የወጣው ሕግ ለወላጆች በጉባኤው ቦታ ሰጠ፤ የ1986ቱ ሕግ ቍጥራቸውን ጨመረ፤ የ1988ቱም የትምህርት ቤቱን የዓመት ገንዘብ አያያዝ ለጉባኤው አስረከበ። እንግዲህ የጉባኤ አባል ማለት ገንዘቡ ወዴት እንደ ሄደ የሚጠይቅ፣ ርእሰ መምህሩንም ልጆቹ ምን ያህል ተማሩ ብሎ የሚመረምር ሰው ነው። ርእሰ መምህር ሲጎድልም ሌላውን የሚመርጠው ይኸው ጉባኤ ነው። የዕለቱን ሥራ መምራት ግን የርእሰ መምህሩ ፈንታ ስለሆነ አባሉ በዚያ አይገባም።

በአውራጃው ምክር ቤት ሥር ባሉት ትምህርት ቤቶች ጉባኤው ከ7 ሰው ማነስ አይገባውም። ከነዚህም ቢያንስ ሁለቱ ወላጆች የመረጧቸው ወላጆች ናቸው፤ ርእሰ መምህሩ፣ ባልደረቦቹ የመረጡት አንድ የትምህርት ቤቱ ሠራተኛ፣ ምክር ቤቱ ጠቁሞት ጉባኤው የተቀበለው አንድ ሰው አሉበት። የቀሩትን ጉባኤው ራሱ ስለ ዕውቀታቸው ይመርጣቸዋል፤ እነዚህ በትምህርት ቤቱ ልጅ ባይኖራቸውም ይሆናል። ሒሳብ ዐዋቂ ወይም የግንብ ሥራ የሚያውቅ ሰው ለትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ጽፎ ማገልገል እፈልጋለሁ ቢል በዚህ በር ይገባል። ዘመኑ እንደ ልማዱ 4 ዓመት ነው።

የወላጅ ቦታ ሲጎድል፣ ምርጫ መኖሩንና ሁሉም ለመወዳደርና ለመምረጥ መብት እንዳለው እያንዳንዱ ወላጅ እንዲያውቀው ማድረግ በሕግ ግዴታ ነው። የሚፈልገው ሰው ስሙን ያስመዘግባል፤ በብዙ ቦታም ማን እንደሆነና ለምን እንደሚወዳደር የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ ይሰጣል፤ ጽሑፉም ለወላጆች ይደርሳል። ዕጩዎቹ ከጎደለው ቦታ የበለጡ እንደሆነ ድምፁ በምስጢር ወረቀት ይሰጣል። ዕጩ ያልተገኘ እንደሆነ ግን ጉባኤው ራሱ ወላጅ ፈልጎ ይሾማል፤ ስለዚህ ወላጆች ዝም ያሉበት ቦታ በሌሎች ፈቃድ ይሞላል።

ይህን ስናነብ ሁለት ነገር ቆም ያደርገናል። አንደኛው ራስን መጠቆም ነው። በእኛ ልማድ እኔ ልመረጥ ብሎ መነሣት ነውር ይመስላል፤ ጨዋው ሰው አንገቱን ደፍቶ ሲቀመጥ ወንበር ወዳዱ ይነሣል። የልጇን ደብተር በየማታው የምትመለከት እናት በስብሰባ መካከል ስሟ ቢጠራ ታፍር ይሆናል። አንድ ሽማግሌ ወይም መምህር አስቀድሞ ወደ ቤቷ ሄዶ ሥራው ምን እንደሆነ፣ ስንት ቀን እንደሚወስድ ነግሮ ፈቃዷን ቢጠይቅ ግን በሌላው ፊት ለመጠቆም ልብ ታገኛለች። በእንግሊዝም የሚጠቁም ሰው የተጠቋሚውን ፈቃድ አስቀድሞ መያዝ ይገባዋል። ሁለተኛው ምስጢሩ ነው። ባለዕዳ በአበዳሪው ፊት እጁን ሲያወጣ ለማን እንደሚያወጣ ሁላችንም እናውቃለን፤ ወረቀትና ሣጥን ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም።

ያላወቁት ሰዎች ብዙ የሚሳሳቱበት ነገር ደግሞ አለ። ወላጆች የመረጡት አባል የወላጆችን ኑሮና ሐሳብ ለጉባኤው ያስረዳል እንጂ የመራጮቹ መልእክተኛ አይደለም። በስብሰባው ክርክሩን ሰምቶ ለልጆቹ ሁሉ የሚበጀውን በኅሊናው ይፈርዳል፤ ውሳኔው መራጮቹን ቢያስከፋ እንኳ ድምፁ የራሱ ነው። ለዕርቅ የተቀመጠ ሽማግሌ ለጠራው ወገን ብቻ እንደማይፈርድ ማለት ነው። የገዛ ልጁን ጉዳይ የሚመለከት ነገር ሲነሣም ከስብሰባው ይወጣል።

የማይገቡም አሉ። ዕድሜው 18 ዓመት ያልሞላ፣ ዕዳ መክፈል አቅቶት በፍርድ ቤት የከሰረ የተባለ፣ በአንዳንድ ወንጀል የተፈረደበት አባል መሆን አይችልም፤ የወንጀል መዝገቡም ይመረመራል። በዚያው ትምህርት ቤት በዓመት ከ500 ሰዓት በላይ በደመወዝ የሚሠራ ወላጅ በወላጅነት መወዳደር አይፈቀድለትም። ዜግነትና የትምህርት ምስክር ወረቀት ግን ሕጉ አይጠይቅም፤ በሎንዶን ልጆቻቸውን የሚያስተምሩ ወገኖቻችንም እንግሊዝኛቸው አልሰላም ብለው ወደ ኋላ ማለት አያሻቸውም። አካዳሚ የተባሉት ትምህርት ቤቶች በየራሳቸው ደንብ ስለሚተዳደሩ ወላጁ አስቀድሞ የትምህርት ቤቱን ደንብ ይጠይቅ።

ከተመረጠ በኋላ ያለ ጉባኤው ፈቃድ 6 ወር ከስብሰባ የቀረ አባል ቦታውን ያጣል። ልጁ ትምህርቱን ጨርሶ የወጣ እንደሆነ ግን ወላጁ የተመረጠበት ዘመን እስኪያልቅ ድረስ መቀመጥ ይችላል።